ያልተቆጠረው የዱብቲ ሙቀት

የአየር ትንበያ በቴሌቪዥን ሲነበብ ከፍተኛ የቀን ሙቀት ካስመዘገቡ ቦታዎች መካከል የአፋር ከተሞች ስም አይጠፋም፤ ሰመራ፣ ዱብቲ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ አርባ። አርባ ዲግሪ፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት። አዲስ አበባ ያለው ሰው «ወይ በረሃ!» ብሎ ያልፋል። ዱብቲ ያለው ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ጆሮም አይሰጠው። ሁለቱም ወገን ሙቀቱን እንደ አገሩ ጠባይ ተቀብሎታል። በዚህ መቀበል ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተሸፍኖ ቀርቷል፤ ሙቀቱ ከነበረበት ጨምሯል፣ እየጨመረም ነው። እኛም ጭማሪውን እንደ ድርቅና እንደ ጎርፍ በአደጋነት ቆጥረነው አናውቅም።

ዱብቲ በታችኛው አዋሽ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር እንኳ በማይሞላ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ ወደ 900 ሜትር ገደማ ወርዷል፤ ከዚያ በገዋኔ አድርጎ ዱብቲና አሳይታ ይደርስና ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ዱብቲ የሚወርድ መንገደኛ በግማሽ ሺህ ሜትር ቁልቁለት ሦስት ዲግሪ ያህል ይጨመርበታል። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አፋሮች ሐጋይ በሚሉት የግንቦትና የሰኔ በጋ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አቧራ የተሸከመ ወላፈን ይነሣል። የክልሉ ዋና ከተማ ሰመራ የተቆረቆረችው ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ፣ ዛፍ በሌለበት ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ ላይ ነው።

ከዱብቲ ወደ ሰሜን፣ ከባሕር ጠለል በታች ያለው ዳሎል በዓለም ላይ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት የተመዘገበበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ድረስ በተወሰደ ልኬት 34.6 ዲግሪ። ይህ ክብረ ወሰን በየጉዞ መጽሔቱ ስለሚነሣ አፋር «ድሮም እሳት» የሆነ አገር ሆኖ በሰው አእምሮ ተቀርጿል። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ «እነሱ ምን ይሆናሉ፣ ለምደውታል» የሚለው መልስ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። እኔ ይህን መልስ አደገኛ ነው እላለሁ። ሰው ለሙቀት ይላመዳል፣ እውነት ነው፤ ግን የሰው ገላ መላመድ ጣሪያ አለው። በሌላው ዓለም ገና ከጣሪያው በብዙ ርቀት የሚኖር ሰው አለ፤ ዱብቲ ያለው ሰው ግን ጣሪያውን በእጁ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ለእሱ አንድ ዲግሪ ጭማሪ አንድ ዲግሪ ብቻ አይደለችም።

አገር አቀፍ አኃዞቹን እንይ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በአማካይ 1.3 ዲግሪ ሞቃለች፤ በየአሥር ዓመቱ 0.28 ዲግሪ ማለት ነው። ይህ ብዙም አያስደነግጥ ይሆናል። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ከ1960 እስከ 2003 ድረስ «ሞቃት» የሚባሉት ቀኖች ቁጥር በዓመት በ73 ሲጨምር፣ «ሞቃት» የሚባሉት ሌሊቶች ግን በ137 ጨምረዋል። ሞቃት የሚባለው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ዲግሪ ተቆርጦ አይደለም፤ በየቦታው ከመቶ ቀን አሥሩን ብቻ የሚገጥም የነበረ ሙቀት ተወስዶ ነው። የያኔው የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው አገር አቀፍ የማጣጣሚያ ፕሮግራም ሰነድም ወደዚሁ ይጠቁማል፤ የአገሪቱ ዓመታዊ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ማለትም የሌሊቱና የንጋቱ፣ በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ሲያድግ ኖሯል። የሌሊቱ ጭማሪ ከቀኑ ይፈጥናል።

አንዱ ምክንያት አይከብድም። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትተፋዋለች፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሌሎች ሙቀት አማቂ ጋዞች በአየር ውስጥ በበዙ ቁጥር ያ ሙቀት መውጫ ያጣል። በረሃ ደግሞ ዋና መዳኛው ይህ የሌሊት መተንፈስ ነበር። ጥርት ባለ ሰማይ ሥር አሸዋው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቀን በ40 ዲግሪ የነደደ ሰው ሌሊት አረፍ ይላል። ሐኪሞች ይህን ዕረፍት እንደ መድኃኒት ያዩታል። ቀን ሙሉ ደም ወደ ቆዳ ሲገፋና ላብ ሲያስወጣ የዋለ ልብ፣ ውኃ ያነሰው ኩላሊት፣ ሌሊት ካልቀዘቀዘላቸው በነጋታው ከደከሙበት ይነሣሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ስኳር በሽተኛው፣ ጨቅላው ይወድቃል። የሙቀት ማዕበል የሚከፋው ሌሊቱ ሳይበርድ በተከታታይ ሲያድር ነው።

የዱብቲን ሌሊት ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። የከተማዋ ቤት ብዙው ቆርቆሮ ለብሷል። ቆርቆሮው ቀን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነማ እስከ እኩለ ሌሊት ሲነካ ይሞቃል። ስለዚህ ሲመሽ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ሕፃናቱ በላዩ፣ ትልልቁ ሰው ደግሞ መሬት ላይ በተረጨ ውኃ አጠገብ ሰሌን አንጥፎ ይተኛል። ቬንትሌተር ያለው መብራት እስኪሄድ ይነፍሳል፤ መብራት ሲሄድ ግን ሁሉም እኩል ነው። መብራቱ ቢኖርም ነገሩ አያልቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ውስጥ ቬንትሌተር ገላን ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ከዚያ ደግሞ ትንኝ አለ። አጎበሩ ነፋስ ስለሚከለክል በወበቅ ሌሊት ብዙ ሰው አጎበር ውስጥ መተኛት አይችልም፤ ሰቅሎት ከውጭ ያድራል። ወባ በታችኛው አዋሽ የኖረ በሽታ ነው። አሁን ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ ተጨምሮበታል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ከተገኘ በኋላ ሰመራና አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይም ታይቷል። ይህ ትንኝ ረግረግ አይጠብቅም፤ ሰው ውኃ ባጠራቀመበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ይራባል። ሙቀት ሰውን ውኃ እንዲያጠራቅም ያደርገዋል፣ የተጠራቀመው ውኃ ትንኝ ያፈራል፣ ሙቀቱ ደግሞ አጎበሩን ያስጥለዋል። ሆስፒታል ሲደርስ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ወባ» ነው። ሙቀት የሚል ቃል የትም የለም።

የጉዳዩ ዋና እምብርት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሁለት የአየር ንብረት ተመራማሪዎች፣ ሉክ ሃሪንግተንና ፍሬደሪኬ ኦቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ የዓለም አቀፉን የአደጋዎች መዝገብ ገልጠው ነበር። ከ1900 ወዲህ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የተመዘገበው የሙቀት ማዕበል ሁለት ብቻ ነው፤ ሟቾቹም 71። በአውሮፓ ግን በአርባ ዓመት ውስጥ 83 የሙቀት ማዕበል ተመዝግቧል፤ ሟቾቹ ከ140 ሺህ በላይ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ አፍሪካ ውስጥ ሙቀት ሰው አይገድልም የሚል ማንም ጤነኛ ሰው የለም። ያልተጻፈ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ ከ70 ሺህ በላይ ሰው በሙቀት እንደ ሞተ የታወቀው፣ በየከተማው በየቀኑ የሚሞተው ሰው ይቆጠር ስለ ነበር ነው፤ ከተለመደው ቁጥር በላይ የሆነው ተቀነሰ፣ ሙቀቱ ላይ ተጻፈ። እኛ ዘንድ ተቀንሶ የሚታይ መነሻ ቁጥር የለም።

አንድ ሆስፒታል ብቻ መቁጠር ሲጀምር ምን እንደሚታይ ከማሊ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 መጀመሪያ፣ በረመዳን ጾም፣ መብራት ለሰዓታት በሚጠፋበት ወቅት ባማኮ ላይ ከባድ ሙቀት ወረደ። የጋብርኤል ቱሬ ሆስፒታል በወሩ የመጀመሪያ አራት ቀናት ብቻ 102 ሰው መሞቱን አስታወቀ፤ ከአንድ ዓመት በፊት በሙሉው ሚያዝያ የሞተው 130 ነበር። ይህች አንዲት ቁጥር የዓለምን ጋዜጠኛና ተመራማሪ አንቀሳቀሰች። ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች መርምረው ያ ሙቀት ሰው ሠራሽ የአየር ንብረት ለውጥ ባይኖር ኖሮ ፈጽሞ አይደርስም ነበር አሉ። ማሊና አፋር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ግን ጾሙ፣ ቆርቆሮው፣ የመብራቱ መጥፋት፣ የቆላው ሌሊት ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ባማኮ ላይ አንድ ሰው መዝገብ ከፍቶ መደመሩ ነው።

የዱብቲ ሆስፒታል ከሰፊው የክልሉ ክፍል ሪፈር የሚላክበት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ቁስለኛ የተቀበለው፣ ከዚያም በኋላ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሞሉት እሱ ነው። በዚያ ጫና ውስጥ ያለን ሐኪም «የሙቀት ሟቾችን ለይተህ ጻፍ» ብሎ ማዘዝ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም የሚጠየቀው አዲስ ማሽን አይደለም። በየቀኑ የገባውና የሞተው ቁጥር ከሰመራ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ዕለታዊ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ጎን ይቀመጥ ነው የምለው። ሁለት ዓመት እንዲህ ቢሠራ፣ ዱብቲ ላይ ሌሊቱ ስንት ዲግሪ ሲያድር ሰው መሞት እንደሚጀምር እናውቃለን። የማስጠንቀቂያ መነሻ ዲግሪ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ከአውሮፓ ተቀድቶ የሚመጣ 35 ዲግሪ ለዱብቲ ምንም አይነግራትም።

አሁን ጭነቱ በማን ላይ እንደ ወደቀ እንመልከት። አፋር ከሙቀት የሚያመልጠው በመንቀሳቀስ ነበር። ሐጋይ ሲጠና ከብቱን ይዞ ወደ አዋሽ ዳርቻ ይወርዳል፤ በዚያ ግራር አለ፣ ሣር አለ፣ ጥላ አለ። ቤቱ ደቦይታ ራሱ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ሴቶች ከታጠፈ እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን የሚሠሩት፣ ነፋስ የሚያስገባ፣ ሙቀት ይዞ የማያድር፣ በግመል ተጭኖ የሚሄድ ቤት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ በዱብቲ ዙሪያ ባለው ተንዳሆ ላይ ጥጥ ሲያለማ የወሰደው ይህንኑ የወንዝ ዳር ነው፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ወረሰው፣ በኋላም ለስኳር ልማት ተፈለገ። ስለ ተንዳሆ ሲጻፍ የሚነሣው የግጦሽ መሬቱ ነው። እኔ ግን የጠፋው ግጦሽ ብቻ ነበር ብዬ አላምንም፤ የአካባቢው ትልቁ ጥላም አብሮ ሄዷል። የወንዙ ዳር ዛፍ ለእርሻና ለከሰል ተመንጥሮ፣ በምትኩ ፕሮሶፒስ የሚባል መጤ እሾሃማ ዛፍ ተስፋፍቶ ሜዳውን ዘግቶታል። ሕዝቡም በድርቅና በኑሮ ግፊት ወደ ከተማ ገብቶ ከሰሌን ቤት ወደ ቆርቆሮ ቤት ተሸጋግሯል። ሙቀቱ በጨመረበት ዘመን መሸሻውም መጠለያውም አንድ ላይ ተወስደዋል።

ከብቱም እየተለወጠ ነው። ግመል የገላዋን ሙቀት በቀን እስከ ስድስት ዲግሪ ድረስ ከፍና ዝቅ እያደረገች ውኃዋን ትቆጥባለች፤ ላም ይህን አትችልም፤ ሙቀት ሲበረታባት መብላት ታቆማለች፣ ወተቷ ይነጥፋል። ስለዚህ አቅም ያለው አርብቶ አደር ወደ ግመልና ፍየል ያዘነብላል። ይህ ብልህ መላ ነው። ግን ግመል ውድ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2015ቱ የኤልኒኞ ድርቅ ከብቱ ያለቀበት ሰው ግመል ከየት ያመጣል?

በመስኖ እርሻው ላይ ደግሞ የቀን ሠራተኛው አለ። ብዙው ከወሎና ከሌላ ደጋ የወረደ ነው። የሰው ገላ ለአዲስ ሙቀት ለመላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከደሴ አካባቢ በአውቶቡስ የመጣ ወጣት ግን በማግሥቱ ከእርሻው ውስጥ ነው። በመስኖ የራሰ መሬት ደግሞ አየሩን ያረጥበዋል፤ እርጥብ አየር ላብ እንዳይደርቅ ይከለክላል። ላብ ካልደረቀ ገላ አይበርድም፤ ዋናው አደጋ ያለው ዲግሪው ላይ ብቻ ሳይሆን ዲግሪና እርጥበት ሲገናኙ ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ እ.ኤ.አ. በ2022 በጤነኛ ወጣቶች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ሰው ይችለዋል ይባል ከነበረው 35 ዲግሪ የእርጥብ ቴርሞሜትር ልኬት (ሙቀትንና እርጥበትን አንድ ላይ የሚያሳይ) ቀድሞ፣ በ31 ዲግሪ ገደማ ገላ ሙቀቱን መቆጣጠር እንደሚያቅተው አሳይቷል።

ሕጋችን እዚህ ላይ ዝም ብሏል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ይወስናል፤ ሙቀት ይህን ያህል ሲሆን የውጭ ሥራ ይቁም የሚል አንቀጽ ግን የለውም። ኳታር ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በፀሐይ ላይ ማሠራትን ከልክላለች፤ ሳዑዲ ዓረቢያም በበጋው ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ትከለክላለች። ክልከላው ሁልጊዜ ይከበራል ማለት አይደለም፤ ቢያንስ ግን ተጽፏል፣ ሠራተኛው ሊጠይቅበት ይችላል። ወደዚያው ለመሄድ በሎጊያና በጋላፊ በኩል የአፋርን በረሃ በእግሩ የሚያቋርጠው የኛው ወጣት፣ ከሚሄድበት አገር ያነሰ ጥበቃ በገዛ አገሩ ቆላ ላይ አለው። በዚያ መንገድ በውኃ ጥም የሚወድቀውም አንዱ ያልተቆጠረ የሙቀት ሟች ነው።

ሌላው ዓለም መሞቁን ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. 2024 ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር፤ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ማለቱን አስታውቋል። የበይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እንዳሰላው፣ ቀድሞ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣ የነበረ ብርቱ ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ሙቀት አራት ጊዜ፣ በ2 ዲግሪ ደግሞ አምስት ጊዜ ተኩል ያህል ይመጣል። ጎረቤት ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 እና በየካቲት 2025 ከሙቀት የተነሣ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታለች። አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ይታሰብ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ረመዳን በግንቦትና በሰኔ ይውል ነበር፤ አሁን ወደ ቀዝቃዛው ወራት ገብቶ ፋታ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2040ዎቹ መጨረሻ ግን ተመልሶ ሰኔ ላይ ይወድቃል። የዚያን ጊዜዋ ዱብቲ ከዛሬዋ የሞቀች ትሆናለች፤ ጿሚው ከንጋት እስከ ምሽት ውኃ ሳይቀምስ በዚያ ሐጋይ ውስጥ ይውላል።

ምን ይደረግ ለሚለው ከኛ ብዙ የማይሻሉ ከተሞች መልስ አላቸው። የሕንዷ አህመዳባድ እንደ ዱብቲ «ለምደነዋል» የምትል ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ከተለመደው በላይ 1,344 ሰው ሞተባት፤ በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጣች። ዕቅዱ ውድ ነገር የለበትም፤ በቀለም የተለየ ማስጠንቀቂያ፣ ለነርሶች ሥልጠና፣ ለውጭ ሠራተኛ የውኃ ማደያ፣ ቆይቶም የድሆችን ቤት ጣሪያ ነጭ መቀባት። በኋላ የተሠራ ጥናት በዓመት ከሺህ በላይ ሞት መቀነሱን ገምቷል። ኖራ ዱብቲ ላይ አይጠፋም። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ጣሪያቸው በኖራ ቢነጣ የውስጡ ሙቀት በዲግሪዎች እንደሚወርድ ጥርጥር የለውም። ማስጠንቀቂያውን ለማድረስም አፋር ከማንም የተሻለ መንገድ አለው፤ ዳጉ። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ሰላሙ የሚለዋወጠው ዜና ከሬዲዮ ቀድሞ ይደርሳል፤ ይታመናልም። «የሚቀጥሉት አራት ሌሊቶች አይበርዱም፣ ሽማግሌና ሕፃን ያለው ይጠንቀቅ» የሚለው ቃል ከሚቲዎሮሎጂው ቢሮ ወጥቶ ለጎሳ መሪዎች ቢሰጥ በአንድ ቀን ብዙ ያዳርሳል።

የተፈናቃይ መጠለያም ይታሰብ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 መጨረሻና በጥር 2025 በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ስትንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወጥተው መጠለያ ገቡ። ለተፈናቃይ የሚሰጠው መጠለያ ባብዛኛው ላስቲክ ነው። ጥር ላይ ይቻላል፤ ሰኔ ላይ ላስቲክ ቤት ውስጥ ሕፃን ማስተኛት ግን ሌላ አደጋ ነው። የሰሌን መጠለያ በዚያው ክልል ሴቶች እጅ ይሠራል፣ ይገዛልም።

የክልሉ ጤና ቢሮና የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እንዲያስቀድሙ ቢጠየቁ፣ መቁጠሩን ያስቀድሙ እላለሁ። ጣሪያ ለመቀባትም፣ የሥራ ሰዓት ለመለወጥም፣ ከመንግሥትና ከዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ገንዘብ ድርሻችንን ለመጠየቅም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ደግሞ በዱብቲ ሆስፒታል የካርድ ክፍልና በሰመራ ጣቢያ ዕለታዊ መዝገብ ላይ ተለያይቶ ተቀምጧል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ከመጪው ሐጋይ ጀምሮ መዝገቦቹን በየሳምንቱ ያገናኙ፤ የተገኘውንም ለሕዝብ ያውጡት።